ዛሬስ አታገኙኝም

ሰኞ

እንቅልፍ የሚያመጣ ኪኒን ፈልጌ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ደብተር ግዢ ብላ መለሰችኝ። ምን እንደምጽፍ ስጠይቃት፣ ያየሽውን፣ ለማያውቅሽ ሰው እንደምትነግሪ አድርገሽ ጻፊው አለች። ሰው ቢያነበውስ ብላት፣ ማንም አያነበውም አለች። ማንም የማያነበውን ለማያውቀኝ ሰው መጻፍ እንዴት እንደሚሆን አልገባኝም። ግን ደብተሩ ተገዝቷል።

ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ነው። እጄ ቀርፋፋ ነው። ፊደሉን የማስቀምጠው ሰሃን መደርደሪያ ላይ እንደሚደረድር ሰው አንድ በአንድ ነው። ምንም አይደለም፣ የሚያስቸኩለኝ የለም።

ያየሁት፦ ዝናብ። የባለቤቴ ጫማ ደረጃው ላይ፣ አንዱ ተገልብጦ። ያበሰልኩትን ሾርባ ማንም አልጨረሰውም።

ማክሰኞ

እንግዲህ ለማያውቀኝ ሰው ልንገር። መስታወት ቤት አለን። ከፊት ሱቁ፣ ከኋላ መቁረጫ ክፍሉ፣ ከላይ የምንኖርበት። ባለቤቴ ይቆርጣል፣ ጠርዙን ያለሰልሳል፣ ፍሬም ያለብሰዋል። የማለስለሻው ማሽን ጆሮውን ወስዶታል፤ ከኋላው ሆነህ ከጠራኸው አይሰማህም። ሴት ልጄ ደንበኛውንና ሒሳቡን ትይዛለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ማዘዝ ስለምትወድ አለቃ ብለናት ቀረ፤ በስሟ የሚጠራት ባንክ ብቻ ነው። ወንዱ ልጄ የተሸጠውን ያደርስና ይሰቅል ነበር፤ ደግሞም ፎቶ እያነሣ ኢንተርኔት ላይ በሱቁ ገጽ ያወጣ ነበር። ማሙሽ ነው የምንለው። ማሙሽ ስልህ ሕፃን አይምሰልህ፤ በሱቁ በር ሲገባ ጎንበስ ይል ነበር።

ነበር፣ ነበር፣ ነበር። ጻፍኩት። ፈርቼው ነበር።

መቁረጫ ክፍሉ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ አንድ ረጅም መስታወት አለ። ፀጉር ቤት ያዘዘው ነው። ማሙሽ ያን ቀን ፀጉር ቤቱ በር ላይ አስደገፈውና መሰርሰሪያውን ከመኪና ሊያመጣ መንገዱን መልሶ ገባ፤ አልተሻገረውም። መስታወቱ ጭረት እንኳ ሳይነካው ተመለሰ። ፀጉር ቤቶቹ አንፈልገውም አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ባለቤቴ ተቀብሎ ፊቱን አዞረው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።

ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሐሙስ

በችኮላ። ሁለት ሰው ሱቅ ገባ። አንዱ ዋጋ ጠይቆ ወጣ፤ ሌላው ዝናቡን ሊያሳልፍ ነው የገባው። አለቃ ፊቷ ጠቁሯል። የሱቁን ስልክ ለእኔ ሰጠችኝ፤ አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ ሲጮህ መስማት አልፈልግም ብላ። ሽፋኑ አንድ ጥጉ ላይ ተበልቷል። በጥርስ ነው። ማሙሽ መስታወት በሁለት እጁ ሲይዝ ስልኩን በጥርሱ ይነክሰው ነበር።

ዓርብ

የገጽ ባለሙያ መጣች። አለቃ ናት የቀጠረቻት። ትልልቅ መነጽር ታደርጋለች፤ እዚህ ደብተር ላይ ባለ መነጽሯ ትባል። ሥራዋ ሱቆች ኢንተርኔት ላይ እንዲታዩና እንዲሸጡ ማድረግ ነው። ሻይ ይዤ ገብቼ ሳልወጣ ቀረሁ።

እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ አብዛኛው ደንበኛ የሚመጣው ገጹን አይቶ ነበር። ከማሙሽ በኋላ አለቃ ራሷ ፎቶ አንሥታ አወጣች። ንጹሕ ፎቶ፣ ባዶ መስታወት። ዞር ብሎ ያየው የለም። ገጹ ዝም ሲል ሱቁም ዝም አለ። ስለዚህ አለቃ ቆርጣለች፦ የድሮው ፎቶ በሙሉ ይጥፋ፤ አዲስ ቀለም፣ አዲስ ምልክት፣ እንደ ትልልቆቹ ሱቆች። የድሮዎቹ ሥርዓት የላቸውም፣ ፎቶ አንሺው እየታየ ነው አለች።

ፎቶ አንሺው ነው ያለችው። ወንድሜ አላለችም።

ባለ መነጽሯ አልተጣደፈችም። መጀመሪያ ሰዎች የቱ ፎቶ ላይ እንደሚቆሙ ልይ አለች። አለቃም፣ እሺ እዪ፣ ግን የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ሁሉም ይጠፋል አለች። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። እጁ ከጠራ በኋላም ቆሞ ይጠርግ ነበር። መስማቱንም እንጃ።

ሰው የቱ ፎቶ ላይ እንደሚቆም በምን እንደምታውቅ ጠየቅኳት። አሳየችኝ። ኮረብታ የመሰለ መስመር አለ፤ ብዙ ሰው ሲያይ ከፍ ይላል። እነሱ እንደምታያቸው ያውቃሉ ወይ አልኳት።

«ያውቃሉ እናቴ፤ ግን ይረሱታል» አለችኝ።

ይኼን ሳሰላስል ዋልኩ። ድንች አረረብኝ።

ቅዳሜ

ፎቶ አንሺው ይታያል ያለችው ነገር ከነከነኝ። ስልኩን ከፈትኩና ገጹን አየሁ። የመታጠቢያ ቤት ክብ መስታወት ነው። ውስጡ ነጭ ግድግዳ ይታያል፣ የበር ጠርዝ ይታያል። ከታች በቀኝ በኩል ደግሞ እጅጌ። ግራጫ ሹራብ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ። የጣፍኩት እኔ ነኝ፤ ተመሳሳይ ክር ስላጣሁ ቀለሙ ትንሽ ይለያል።

ስልኩን አስቀመጥኩት። ሽንኩርት ላጥኩ። እንደገና አነሣሁት።

ከፎቶው ሥር እሱ የጻፈው፦ «ዛሬስ አታገኙኝም።» ከዚያ ሰዎቹ። ክርን፣ ከታች በቀኝ ይላል አንዱ። ድብቁ ተያዘ ይላል ሌላው። ዛሬ ደካማ ነህ ይላል ሦስተኛው። ደሜ ፈላ። ልጄ ምን አጥፍቶ ነው የሚደበቀው? ድብቁ የሚሉትስ እነማን ናቸው?

እሑድ፣ ማታ

ዛሬ ሱቅ ዝግ ስለሆነ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያልኩ ስመለከት ዋልኩ። አሁን ገብቶኛል፤ በደንብ ልጻፈው።

ወንበርን ፎቶ ብታነሣ ወንበሩ ብቻ ነው የሚወጣው። መስታወት ግን የሚያነሣውን ሰው ይዞት ይገባል። እንዳትታይ ወደ ጎን ስትል መስታወቱ ተጣምሞ ይወጣል፤ ስትንበረከክ ፀጉርህ ይቀራል። ልጄ ከዚህ ጋር ሲታገል ነው የኖረው። መጀመሪያ ሰሞን አፍሮ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር፦ እጄ ስለታየ ይቅርታ፣ መስታወቱ ግን ጥሩ ነው እያለ። አንድ ቀን አንዲት ሴት እንዲህ ብላ ጻፈችለት፦ የሚያምር መስታወት ነው፣ ክርኑም አብሮ ይሸጣል?

እሱ ሲመልስ፦ «ክርኑ የእናቴ ነው፣ አይሸጥም።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ሆነ። እሱ «ዛሬስ አታገኙኝም» ብሎ ያወጣል፤ እነሱ ይፈልጉታል። አንዴ ጆሮ ብቻ። አንዴ የጫማ ጫፍ። አንዴ ምንም አልተገኘም ብለው ሦስት ቀን ተከራክረው፣ የማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ ትንሽዬ ሆኖ አገኙት። ያቺ የእኔ ማንቆርቆሪያ ናት። ለምን ሱቅ እንደወረደች ሳልጠይቀው፣ ዕቃ አታዝረክርክ ብዬ መልሼ ወሰድኳት።

ያን ጊዜ መስታወት ፊት ሲንበረከክ፣ ወለሉ ላይ ሲተኛ፣ ወንበር ላይ ሲንጠላጠል ሳየው የምለው ነገር ነበረኝ። እሱን አልጽፈውም። ሐኪሟ ያየሽውን እንጂ ያልሽውን ጻፊ አላለችኝም።

የመጨረሻው ፎቶው ያ ረጅሙ መስታወት የተመለሰበት ሳምንት ነው። ሰዎች ሥሩ እስከ ዛሬ ይጽፋሉ። ድብቁ የት ጠፋህ? ገጹ ተሸጠ እንዴ? አሁን የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው፣ አይጣፍጥም። አንዱማ፦ በዓለም ላይ ካሉት መደበቂያዎች ሁሉ የቱ ቢገኝለት ነው ይላል።

ማንም አልነገራቸውም።

ሰኞ

አዲስ ነገር አገኘሁ። ገጹ ላይ ደንበኛ የሚባል ሰው አለ። ፎቶ የለውም፤ በፊቱ ቦታ ግራጫ ክብ ነው ያለው። የሚጽፈው በድሮዎቹ ፎቶዎች ሥር ብቻ ነው፤ ግን የጻፈበት ቀን ሁሉ አሁን፣ በዚህ ሰሞን። በቀን አንድ። ከቅርቡ ተነሥቶ ወደ ድሮው እየሄደ ነው። እንደ ሌሎቹ ክርን፣ ጆሮ አይልም። እንዲህ ነው የሚለው፦ «ከግራ አሥራ ሁለት፣ ከታች ሠላሳ።» በቃ። ነጥብ።

ይኼ የመስታወት ሰው አነጋገር ነው። ባለቤቴ መስታወት ላይ የሚበሳ ቀዳዳ ሲያመለክት እንዲህ ነው የሚለው፤ ከግራ ይኼን ያህል፣ ከታች ይኼን ያህል። ከተማው ውስጥ ካሉት መስታወት ቤቶች አንዱ እየሰለለን ይሆን?

ማክሰኞ

መለኪያ ሜትሩን ይዤ ሱቅ ወረድኩ። ከፎቶዎቹ አንዱ ላይ ያለው የቁም ሣጥን መስታወት እስካሁን አልተሸጠም። ደንበኛ ስለ እሱ «ከቀኝ ዘጠኝ፣ ከታች አርባ አንድ» ብሎ ነበር። ለካሁት። ፎቶው ላይ የማሙሽ ጣቶች ያሉት ልክ እዚያ ነው። በስልኩ ልክ ሳይሆን በእውነተኛው ልክ። ይህ ሰው መስታወቶቻችንን ያውቃቸዋል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ሱቅ የመጣ ሰው መሆን አለበት።

እራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት። በቀን አንድ ፎቶ እያየ ልጃችን የት እንዳለ በሴንቲ ሜትር የሚጽፍ ሰው አለ አልኩት።

«ሥራ ፈት ነዋ» አለኝና ጨው አቀብዪኝ አለ። ሾርባው ጨው ነበረው።

ሐሙስ

ባለ መነጽሯ ወረቀቶች ይዛ መጣች። አዲስ የሚሠራውን ገጽ አሳየችን፤ ቆንጆ ነው፣ ሰማያዊ። ግን ሌላ ነገር መናገር እንደፈለገች ያስታውቃል፣ መነጽሯን ደጋግማ ትጠርግ ነበር። አለቃ ስልክ ልታነሣ ስትወጣ ለእኔ ነገረችኝ። ሰዎች የትልልቆቹ ሱቆች ፎቶ ላይ ዓይናቸውን ጣል አድርገው ያልፋሉ፤ የልጅዎ ፎቶ ላይ ግን ይቆማሉ አለች። ለምን እንደሆነ ስትመረምር ሰንብታለች። «እሱን ሲፈልጉ እኮ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ነው የሚያዩት፤ ጠርዙን፣ ፍሬሙን፣ ሁሉን። ከዚያ ይገዙታል። አስቦበት ይሁን አላውቅም፤ እኔ በክፍያ የምሠራውን ነው የሠራው» አለች።

አስቦበታል። ማንቆርቆሪያ ሰርቆ የሚያወርድ ሰው ሳያስብ አይደለም።

እኔ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ጨዋታ መስሎኝ፣ ሥራ ያዝ እያልኩ…

ውኃ ልጠጣ።

ዓርብ

ደረጃው ላይ ሆኜ የሰማሁት። ባለ መነጽሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለአለቃ ትነግራታለች። ሰዎቹ እየጠየቁ ነው፣ ከማጥፋታችሁ በፊት ንገሯቸው፣ ዝም ሲባል የተናቁ ይመስላቸዋል እያለች።

«ምን ብዬ?» አለቻት ልጄ። «ወንድሜ ሞቷል፣ መስታወት ግዙ ልበል?»

ሰሃኑን እንደያዝኩ ወደ ላይ ተመለስኩ። አልፈርድባትም። ከሁለቱ አንዳቸውም ላይ አልፈርድም። እኔ ብሆን ምን እላለሁ እያልኩ ሞከርኩ፤ የሚሆን ቃል አላገኘሁም።

አታጥፊው ልላትም ፈልጌ ነበር። አልኳት ወይ? አላልኳትም። ይኼ ሱቅ ከቆመ የሚቆመው በእሷ ነው፤ ትከሻዋ ላይ ሌላ ነገር መጫን ሆዴ አልቻለም። ከሁለቱ ሳምንት አንዱ ከነገ ወዲያ ያልቃል።

እሑድ

የዛሬ ሳምንት ነው።

ደንበኛ ፍጥነት ጨምሯል። በቀን አንድ የነበረው አሁን ሦስት፣ አራት ሆኗል። ምን አስቸኮለው?

ማክሰኞ

ዛሬ የተደበቅኩት እኔ ነኝ። አለቃ ባንክ ሄዳ ሳለ የቁም ሣጥኑ መስታወት ፊት ቆሜ ስልኩን ደቀንኩ። ጥቁር የለበሰች አሮጊት ወጣች። ጎንበስ አልኩ፤ ጥቁር የለበሰች ጎባጣ አሮጊት ወጣች። ሳቄ መጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ ራሴን ደግፌ ሳቅኩ።

ከዚያ ወለሉን አየሁ። መስታወቶቹ ከሚቆሙበት ፊት፣ ግራና ቀኝ፣ ወለሉ ላይ የተለጠፉ የነጭ ፕላስተር ቁርጥራጮች አሉ። ስንት ጊዜ በቢላ ፋቅኳቸው፤ በማግሥቱ ተመልሰው ይለጠፋሉ። የማን ብልግና ነው እል ነበር። አንዱ ላይ ተንበረከክኩ። ስልኩን ወደ ላይ አዘነበልኩ። መስታወቱ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ከእኔ የታየው የሻርፔ ጫፍ ብቻ ነው።

እዚያው ቆየሁ። ጉልበቴ እስኪያመኝ። ከዚያ ሲታዩ ሱቁም እኛም ምን እንደምንመስል አየሁ። ጠረጴዛው ከፍ ይላል። በሩ ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው በጣም ትልቅ ሆኖ ይታያል።

ሐሙስ

ደንበኛ ዛሬ አሥር ጻፈ። ወደ መጀመሪያው ፎቶ እየተቃረበ ነው። አንዱ ላይ ልክ አልጻፈም። ያ ፎቶ የማሙሽ ፊት በሙሉ የታየበት ነው፣ ማስነጠስ ይዞት ማምለጥ ያልቻለበት። ሥሩ የጻፈው፦ «መሐል ላይ።»

ማን እንደሆነ ባውቅ ቤቴ ጠርቼ አበላው ነበር።

ዓርብ

ሆነብኝ። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ምሳ ተበላ። ባለቤቴ ልተኛ ብሎ ተነሣ፤ አለቃ ሱቅ ነበረች። እኔ መቁረጫ ክፍል ገባሁ። የገባሁት ያንን መስታወት ልገልጠው ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ከትናንት ጀምሮ፣ እሑድ ሁሉም ከጠፋ እሱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ዕቃ ይኼ ብቻ ነው የሚቀረው እያልኩ ነበር። የሞኝ ሐሳብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መስታወት የያዘውን አያስቀርም። ግን አዞርኩት። ከባድ ነው። አቧራውን በቀሚሴ ጠረግኩት።

ምንም የለውም። ጭረት እንኳ የለውም።

አንድ ፎቶ ለራሴ ላስቀር አልኩና በጎኑ ተንበረከክኩ፣ እሱ እንደሚያደርገው። ስልኩ ገጹ ላይ ተከፍቶ ነበር። አነሣሁ። ከዚያ ሁለት ቀስቶች መጡ፤ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ጎን። ወደ ታች ያለው ማስቀመጫ መሆኑን ባለ መነጽሯ አሳይታኝ ነበር። ጣቴ ያረፈው ግን ወደ ጎን ያለው ላይ ነው።

ገጹ ላይ ወጣ። እንዴት እንደሚመለስ አላውቅም። ስልኩ እጄ ላይ ይጮህ ጀመር።

ሻርፕ፣ በቀኝ በኩል።
ድብቁ ሻርፕ ጀመረ እንዴ?
ተመለሰ! ተመልሷል!
ቆይ፣ ከኋላ በኩል ሌላ ሰው አለ። ስልክ የያዘው ማነው?

ከኋላ? ፎቶውን በሁለት ጣት ከፈትኩት። መስታወቱ ውስጥ፣ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቦታ፣ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው አለ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። ስልኩን አፍንጫው ሥር አድርጎ አቀርቅሯል፤ አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ነው። ስልኬ ለዜና ብቻ ነው የሚለን ሰውዬ። ልተኛ ብሎ የተነሣው።

ገና ሳልዞር ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኸ። ደንበኛ ነው።

«ከቀኝ ስምንት፣ ከታች ሃምሳ። እናቱ ናት።»

ዞርኩ። ባለቤቴ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ስልኩ እጁ ላይ ነው። ሲሰርቅ የተያዘ ልጅ ይመስል ነበር። ጮክ ብዬ እንዲሰማኝ አድርጌ ጠየቅኩት።

«የት ደረስክ?»

«ትንሽ ቀርቶኛል» አለኝ። «እንዳያልቅብኝ ቀስ ብዬ ነበር የምሄደው። የሚጠፋበት እሑድ ሲቃረብ ነው የሮጥኩት።»

«ታዲያ አታጥፊው አትላትም ነበር?»

«አንቺስ?»

በርጩማው ለሁለት አይበቃም፤ የመስታወት ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አብረን አየናቸው። ልኩን ሲናገር ስልኩን አይለካም፤ መስታወቱን የቆረጠው ራሱ ስለሆነ በቃሉ ያውቀዋል።

አለቃ ሮጣ ገባች። ገጹን አይታው ኖሯል። ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ የዞረውን መስታወት አየች። ከዚያ የአባቷን ስልክ። ተቀብላ ማንበብ ጀመረች፤ ከግራ፣ ከታች፣ ከቀኝ፣ ከታች። ብዙ አነበበች። ቆማ ነበር፣ ስትጨርስ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።

«እኔ እኮ» አለች፣ «እናንተ እንዳታዩት ብዬ ነበር የማጠፋው።»

ቅዳሜ

ትናንት ማታ አለቃ ከፎቶው ሥር ጻፈች። ስትጽፍ አየኋት፤ እንደ እኔ ቀስ ብላ ነው የጻፈችው፣ እየደለዘች። እንዲህ ነው ያለችው፦ «ድብቁ ወንድሜ ነበር። ይኼን መስታወት ለማድረስ የወጣ ቀን አረፈ። እስከ ዛሬ ያልነገርናችሁ ስላልቻልን ነው። ፎቶዎቹ አይነኩም። ይኼኛው አይሸጥም።»

መስታወት ግዙ የሚል ቃል የለበትም። ባለ መነጽሯ ደውላ ምንም አትጨምሪበት አለቻት። ሰማያዊው ይቅር ብላለች፤ ክፍያ ግን ለዚህ አልወስድም ስትል አለቃ ተቆጣቻት። ደህና ናት ማለት ነው።

ገጹ ላይ ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ ጻፉ። ብዙው ነፍስ ይማር ነው። አንዳንዶቹ ቤታቸው የሰቀሉትን መስታወት ፎቶ አንሥተው ላኩ፤ እሱ የሰቀለላቸውን። ሁሉም መስታወት ውስጥ ሰው አለ፤ ማንም ሊደበቅ አልሞከረም። የአንዷን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ክርኑ ይሸጣል ወይ ብዬ የቀለድኩት እኔ ነኝ፤ እናቱን ይቅርታ ጠይቁልኝ ትላለች።

ራሴ መለስኩላት። የፊደሎቹ ሠንጠረዥ ላይ እያንዳንዱን ፈልጌ እስካገኝ ሻዩ ቀዘቀዘ። «ይቅርታ አያስፈልግም። ስላሳቅሽው አመሰግናለሁ። አይሸጥም ያለው እውነቱን ነው።»

እሑድ

ዛሬ ነበር የሚጠፋው። ሾርባው አለቀ።

ረቡዕ

ሰው መጣ፤ ሥራ አለ። ረጅሙን መስታወት ባለቤቴ ሱቁ መግቢያ ላይ ሰቀለው። ማሙሽ ስለሌለ መሰርሰሪያውን የያዘችለት አለቃ ነች፤ ስትይዝም ታዝ ነበር። ከእንግዲህ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ራሱን ያያል።

አዲስ የተቆረጠ የመታጠቢያ ቤት መስታወት ፎቶ ይነሣ ተባለ። ማን ያንሣው ሲባል ሁለቱም እኔን አዩኝ። ጉልበት ያመኛል አልኩ። አለቃ ትራስ አምጥታ ፕላስተሩ አጠገብ ጣለችልኝ።

ተንበረከክኩ። ሻርፔን አወለቅኩ። ማንቆርቆሪያዋን አስወርጃት አጠገቤ ነበረች፤ ሆዷን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። አንሥቼ አየሁት፤ ከእኔ ምንም የለም፣ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ፈለግኩ። ከሥሩ እሱ የሚጽፈውን ጻፍኩ። አወጣሁት። በዚህ ጊዜ ቀስቷን አውቄ ነው የነካኋት።

ከኋላ ክፍል የማለስለሻው ማሽን ድምፅ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ።

«ከግራ ሦስት፣ ከታች አራት። ነጠላ ጫማሽ።»

አወለቅኩት። ማሽኑ እንደገና ተነሣ።